ስለ ታናሽ ላፕቶፕ አመራረጥና ስለ ጽሕፈት ቍልፎቹ

የሰው ሥራ በመሣሪያው ይታወቃል። ገበሬ ሞፈሩንና ቀንበሩን፤ ሸማኔ መወርወሪያውን፤ ቍም ጸሐፊም ብርዑን ሳይመረምር ሥራውን አይጀምርም። ቍም ጸሐፊ በብራናው ላይ አንዲት ፊደል ከማሳረፉ አስቀድሞ መቃውን ይቀርጻል፤ ጫፉን ይሰነጥቃል፤ በቀለም ነክሮ በቍራጭ ብራና ላይ ይሞክረዋል፤ ብርዑ ቢያሻክር ወይም ቀለም ቢያንጠባጥብ መልሶ ይቀርጸዋል እንጂ እንዲሁ አይጽፍበትም። በዛሬው ዘመን በየመሥሪያ ቤቱና በየቤቱ የምንጽፍበት መሣሪያ ላፕቶፕ ሆኗል። ነገር ግን ብዙ ሰው ይህን መሣሪያ ሲገዛ ስለ መልኩ፤ ስለ ስሙና ስለ ዋጋው ይጠይቃል እንጂ ጣቱን በቍልፎቹ ላይ አሳርፎ ሳይሞክር ገንዘቡን ቈጥሮ ይሰጣል።

ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን ዋጋው ከአቅም ጋራ የሚመጣጠን፤ ቶሎ የማይበላሽና ለጣት የሚመች ታናሽ ላፕቶፕ እንዴት ተመርጦ እንደሚገዛ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ልናስረዳ ፈቀድን። ምክሩ ይበልጥ የሚጠቅመው ቀኑን ሙሉ ደብዳቤ፤ ውሳኔና ቃለ ጉባኤ ለሚጽፍ የጽሕፈት ቤት ሰው፤ ልጃቸውን ወደ ዩኒቨርሲቲ ለሚልኩ አባትና እናት፤ እንዲሁም በጕዞ ላይ ሆኖ መጻፍ ለሚያስፈልገው ሁሉ ነው።

አስቀድሞ ስለ ዋጋው ነገር እንናገር። ላፕቶፕ ከውጭ አገር በዶላር ተገዝቶ የሚገባ ዕቃ ስለ ሆነ ዋጋው የምንዛሪውን ነገር ይከተላል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ/ም የውጭ ገንዘብ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፤ አስቀድሞ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከዚህም የተነሣ አዲስ ላፕቶፕ መግዛት ለብዙ ቤተ ሰብ የብዙ ወር ደመወዝ የሚጠይቅ ነገር ነው። ብዙ ሰውም በውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ጥቂት ዓመት ያገለገለውን፤ ነጋዴዎች «ዩዝድ» የሚሉትን ይገዛል። ይህ የሚነቀፍ አይደለም፤ ለመሥሪያ ቤት ተብሎ ጠንክሮ የተሠራ ያገለገለ ዕቃ፤ በዋጋው መርከስ ብቻ ከተመረጠ ደካማ አዲስ ዕቃ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይበልጣልና። ነገር ግን ያገለገለ ዕቃ መርማሪ ዓይን ይፈልጋል።

የዚህ ዕቃ ታላቁ ገበያ መርካቶ ነው። ጣሊያኖች አገራችንን በወረሩበት ዘመን በአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን የአገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ባዛወሩት ጊዜ፤ አዲስ ከተማ የተባለው ሰፈር የገበያ ሰፈር ሆነ። በመርካቶ እያንዳንዱ ሸቀጥ የየራሱ ተራ አለው፤ ሸማ ተራ፤ ቦምብ ተራ፤ ምን አለሽ ተራ እየተባለ በየስሙ ይጠራል። ኤሌክትሮኒክስም እንደዚሁ በየሕንፃው ፎቅ ላይ ሱቅ ከሱቅ ተያይዞ ይሸጣል። ይህ መቀራረብ ለገዢ ትልቅ ጥቅም ነው፤ በአንድ ጧት ከሦስትና ከአራት ሱቅ ጠይቆ ዋጋንና ዕቃን ለማመዛዘን ይችላልና። ጕዳቱ ደግሞ የደላላው ጥድፊያ፤ የሰው ግፊያና የተሸካሚው ጩኸት ገዢውን ማቻኰሉ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለ፤ በጥድፊያ የተገዛ ላፕቶፕ በጥድፊያ ወደ ጠጋኝ ይሄዳል።

አማርኛ ለሚጽፍ ሰው የኪቦርድ ነገር ከሌላው ይልቅ ሊያሳስበው የሚገባበት ምክንያት አለ። የእንግሊዝ ፊደል 26 ብቻ ነው፤ የእኛ ግን 33ቱ ፊደላት በየሰባት ሰባቱ ሲዘረዘሩ 231 ይሆናሉ፤ እነ ቈና ኰ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣሉ። ዛሬ በላፕቶፕ ላይ የምናየው የቍልፍ አሰላለፍ በአሜሪካ ሾልዝ የተባለ ሰው ካዘጋጀውና በ1874 እ/አ/አ የሬሚንግተን ፋብሪካ ለገበያ ካወጣው የጽሕፈት መኪና የወረደ ነው፤ ሲታሰብም ለእኛ ፊደል አልታሰበም። ከጣሊያን ወረራ በፊት ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለማዘጋጀት በደከሙ ጊዜ ያጋጠማቸው ችግር ይኸው የፊደሉ ብዛት ነበር፤ ስለዚህም የፊደሉን አካልና ቅጥያውን ለያይቶ መምታት አስፈለገ። በኋላ ዘመን የግዕዝ ፊደል በ1999 እ/አ/አ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ውስጥ ገባ፤ በ2007 እ/አ/አ ደግሞ ዊንዶውስ ቪስታ የአማርኛ መጻፊያንና ኒያላ የተባለውን የፊደል ቅርጽ ይዞ ወጣ። ከዚህ በኋላ አማርኛ ለመጻፍ የተለየ መሣሪያ መግዛት ቀረ፤ ማናቸውም ላፕቶፕ ይጽፋል።

ይሁን እንጂ ድካሙ ከጣት ላይ አልወረደም። በድምፅ በሚጻፈው በተለመደው ዘዴ፤ ከሳድሱ በቀር አብዛኛው ፊደል ሁለት ጊዜ መምታት ይፈልጋል፤ አንዱ ለፊደሉ አካል፤ ሁለተኛው ለድምፁ ነው። ጥ፤ ጭ፤ ጵና ኝ የመሳሰሉትንም ለማውጣት ብዙ ጊዜ ሺፍት የሚባለውን ቍልፍ አብሮ መጫን ያስፈልጋል። ስለዚህ ቍልፉ አንዳንድ ጊዜ የሚስት ወይም ሺፍቱ የጠበበ ላፕቶፕ አማርኛ ጸሐፊን ያደክመዋል።

ነገሩ የድካም ብቻ ቢሆን ቀላል በሆነ ነበር። «ይከፍላል» እና «ይከፈላል» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንመልከት። በጽሕፈት ጊዜ የሚለያዩት በአንዲት የቍልፍ ምት ብቻ ነው፤ ፍ ላይ የምትጨመረው ምት ከጠፋች ፈ ትቀርና ገንዘቡ የሚከፈለው ሰው ገንዘቡን የሚከፍል ሆኖ ይጻፋል። ቍልፉ የደከመ ኪቦርድ ይህችን ምት በዘፈቀደ ይውጣታል፤ ቃሉም ትክክለኛ ቃል ሆኖ ስለሚታይ የጸሐፊው ዓይን አልፎት ይሄዳል። በውል፤ በኑዛዜና በፍርድ ውሳኔ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ምን ዓይነት ክርክር እንደሚያስነሣ፤ መዝገብ አገላብጦ የሚያውቅ ሁሉ ይረዳዋል። ስለዚህ መልካም ኪቦርድ የምቾት ነገር ብቻ ሳይሆን የጽሑፍ ታማኝነት ነገር ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንግባ። «ታናሽ» ስንል እጅግ ያነሰ ማለታችን አይደለም። አሱስ የተባለው ፋብሪካ በ2007 እ/አ/አ ባለ 7 ኢንች መስታወት ኢ ፒሲ የተባለ ርካሽና ታናሽ ላፕቶፕ አውጥቶ ነበር፤ ለመሸከም ቀላል ስለ ነበረ ብዙ ሰው ወደደው፤ ነገር ግን ቍልፎቹ ስለ ጠበቡ የዐዋቂ ሰው ጣት አይበቃቸውም ነበር። ሙሉ መጠን ባለው ኪቦርድ ከአንዱ ቍልፍ መካከል እስከሚቀጥለው መካከል 19 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ይህን በገበያ ላይ ለመለካት መሣሪያ አያስፈልግም፤ በላይኛው ረድፍ ከ«ኪው» ቍልፍ ግራ ጠርዝ እስከ «ፒ» ቍልፍ ቀኝ ጠርዝ ያለው ዐሥሩ ቍልፍ 19 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሊሆን ይገባል። ስንዝርህን በቤትህ በማስመሪያ ለክተህ ከሄድህ፤ በሱቁ ውስጥ እጅህን ዘርግተህ ታውቀዋለህ። መስታወቱ ከ12 እስከ 14 ኢንች የሆነ ላፕቶፕ ይህን መጠን ይይዛል፤ በቦርሳም ያለ ችግር ይገባል።

ከመጠኑ ቀጥሎ የቍልፉ ጥልቀት ይታያል። ቍልፉ ሲጫኑት 1 ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ቢወርድና ጣት መድረሱን ቢያውቅ መልካም ነው። ከዚያ ያነሰ ሲሆን ጣት በጠረጴዛ ላይ እንደሚመታ ሆኖ ማታ መገጣጠሚያን ያሳምማል። አንድ የሥራ ባልደረባችን እጅግ ስስና የሚያምር ላፕቶፕ ገዝቶ ነበር፤ በሦስተኛው ወር የእጁን አንጓ በጨርቅ ጠቅልሎ መጣ፤ ላፕቶፑንም ለልጁ ሰጥቶ ለራሱ ወፍራምና መልከ ጥፉ የሆነ ያገለገለ ዕቃ ገዛ። ከዚያም ወዲህ እጁ ድኖ ሥራውን ይሠራል።

ሦስተኛው የቍልፎቹ አሰላለፍ ነው። ያገለገሉ ላፕቶፖች ከብዙ አገር ስለሚመጡ ኪቦርዳቸው አንድ ዓይነት አይደለም። በጀርመኑ ላይ «ዋይ» እና «ዜድ» ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በፈረንሳዩ ላይ «ኤ» በ«ኪው» ቦታ ይገኛል። በብዙዎቹ የአውሮፓ ኪቦርዶችም የግራው ሺፍት አጭር ሆኖ በአጠገቡ ሌላ ቍልፍ ይገባበታል። በላፕቶፑ ውስጥ አሰላለፉን መለወጥ ይቻላል፤ ነገር ግን በቍልፉ ላይ የተጻፈው ሌላ፤ የሚወጣው ሌላ ይሆናል። ለማያይ ጸሐፊ ግድ የለውም፤ ቤተ ሰብ በሙሉ ለሚጠቀምበት ዕቃ ግን የአሜሪካውን አሰላለፍ መፈለግ ይሻላል። በቍልፎቹ ላይ አዲስ ተለጣፊ ፊደል ካለም፤ ከሥሩ ምን እንዳለ ጠይቆ ማወቅ ይገባል።

ይህ ሁሉ በወሬ አይታወቅም፤ ተቀምጦ በመጻፍ ብቻ ይታወቃል። ነጋዴው «ጋሼ፤ ይኼ እኮ አንደኛ ዕቃ ነው፤ ሌላ ሰው ሊወስደው ቀጠሮ ይዞበታል» ቢል፤ ገዢው «ወንድሜ፤ ዕቃህ መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን እኔ ቀኑን ሙሉ የምጽፍበት ስለ ሆነ ሩብ ሰዓት ያህል ልሞክረው» ይበል። በዕቃው የሚተማመን ነጋዴ በርጩማ ያቀርባል፤ የማይተማመን ይቈጣል፤ በዚህም ብቻ ብዙ ነገር ይታወቃል። ከተቀመጡ በኋላ ቍልፎቹን አንድ በአንድ መምታት፤ ሁለቱንም ሺፍት መሞከር፤ ረጅሙን የቃል መለያ ቍልፍ በግራና በቀኝ ጫፉ መጫን፤ ከዚያም አንድ ገጽ አማርኛ በተለመደው ፍጥነት መጻፍ ነው። የጐደለ ወይም የተደገመ ፊደል ቢገኝ፤ ኪቦርዱም መካከሉ እንደ አልጋ ጠፍር ቢረግብ፤ ዕቃውን መተው ወይም የኪቦርድ መለወጫውን ዋጋ ከሒሳቡ ላይ ማስቀነስ ይገባል።

ኪቦርዱ ከተወደደ በኋላ ውስጡ ይመረመራል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ/ም አብቅቷል፤ እርሱን የተካው ዊንዶውስ 11 ደግሞ የኢንቴል ልብ ላላቸው ላፕቶፖች በጠቅላላው ከ8ኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ነጋዴዎች ይህን «ጀኔሬሽን» ይሉታል። ትውልዱን ለማወቅ የልቡን ቍጥር ማንበብ ነው፤ 5-7200 ቢል 7ኛ ትውልድ ነው፤ 5-8250 ቢል 8ኛ፤ 5-10210 ቢል 10ኛ ነው። ቍጥሩን ከላይ ከተለጠፈው ወረቀት ሳይሆን ላፕቶፑን አስነሥቶ ከውስጡ ማንበብ ይገባል። ዋጋው እጅግ ረክሶ የተገኘ የ6ኛና የ7ኛ ትውልድ ዕቃ ኪቦርዱ ግሩም ቢሆን፤ ኡቡንቱን የመሰለ ነጻ ሥርዐት ተጭኖበት አማርኛ ሊጻፍበት ይቻላል፤ ነገር ግን ይህን የሚያውቅ ልጅ በቤት ውስጥ ቢኖር መልካም ነው።

ከዚህም ሌላ ማስታወሻው ከ8 ጊጋባይት እንዳያንስ፤ መዝገብ ማኖሪያውም የሚሽከረከረው ሳይሆን ኤስኤስዲ የሚባለው እንዲሆን ያስፈልጋል፤ የሚንቀሳቀስ አካል ስለሌለው በጕዞ መናወጥ አይጐዳምና። ስለ ባትሪው ነጋዴውን «የባትሪ ሪፖርት አውጣልኝ» ማለት ነው፤ ዊንዶውስ ራሱ ያወጣዋል። በዚያ ላይ ሲሠራ የነበረው አቅምና ዛሬ የሚይዘው አቅም ተጽፎ ይገኛል፤ 50 የነበረው 30 ከሆነ ከአቅሙ 60 በመቶ ብቻ ቀርቷል ማለት ነው። መብራት በሚጠፋበት ቀን ይህ ቍጥር ዋጋው ይታወቃል። ሲነሣም የቀድሞው ባለቤት የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ወይም የአንድ ድርጅት ንብረት መሆኑን የሚያሳይ ላፕቶፕ በማናቸውም ዋጋ አይገዛ።

ስም ጥቀሱልን ለሚሉ አንባቢዎች፤ ለጸሐፊ የሚስማሙት ለመሥሪያ ቤት የተሠሩት ናቸው። ቲንክፓድ በ1992 እ/አ/አ ከአይቢኤም የወጣ፤ በ2005 እ/አ/አ ወደ ሌኖቮ የተላለፈ ሲሆን በኪቦርዱ ጥራት ስሙ የታወቀ ነው። ከእርሱ ወገን ኤክስ 280 ባለ 12.5 ኢንች፤ ቲ 480 ባለ 14 ኢንች ናቸው፤ የኤክስ 280 ማስታወሻ ግን ከሰሌዳው ጋራ የተበየደ ስለ ሆነ ኋላ አይጨመርበትም፤ ሲገዛ በቂ መሆኑ ይታይ። ከዴል ላቲቲዩድ 7390፤ ከኤችፒ ኤሊትቡክ 830 ጂ5 ሁለቱም ባለ 13.3 ኢንች ሆነው ከዚሁ ማዕርግ ይቈጠራሉ። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ በ8ኛው ትውልድ የወጡ ናቸው።

ዋጋ የከበደ ሁሉ አስተማማኝ እንዳልሆነም ማወቅ ይገባል። አፕል ከ2015 እ/አ/አ ጀምሮ እጅግ ሳስ ያለ፤ «ቢራቢሮ» የተባለ የቍልፍ አሠራር በውድ ላፕቶፖቹ ላይ አድርጎ ነበር፤ ጥቂት አቧራ በገባበት ጊዜ ፊደል መሳትና መድገም ስላመጣ በ2018 እ/አ/አ በነጻ መጠገን ጀመረ፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ያን አሠራር ተወው፤ በ2022 እ/አ/አ ደግሞ ለከሰሱት ገዢዎች 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። በበጋ አቧራው በየመስኮቱ ለሚገባበት አገር ይህ ታላቅ ትምህርት ነው።

ስለ ክፍያውም አንድ ቃል እንጨምር። ደረሰኝ ሳይቀበሉ መሄድ አይገባም፤ በደረሰኙም ላይ የዕቃው ስምና መለያ ቍጥር፤ እንዲሁም ነጋዴው የሰጠው የዋስትና ቀን ይጻፍ። በ1952 ዓ/ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጕድለት ዋስ እንዲሆን፤ ገዢም ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ያገኘውን ጕድለት ለሻጩ እንዲያስታውቅ ያዛል። ስለዚህ ላፕቶፑን ገዝቶ በሣጥን ውስጥ ለበዓል ማኖር መብትን ማዘግየት ነው፤ በገዙበት ሳምንት በሚገባ ይሠራበት።

ቤት ከገባ በኋላ ደግሞ አያያዝ ይፈልጋል። ቡና በሚፈላበት ረከቦት አጠገብ አይኑር፤ ስኒ አንድ ጊዜ ቢገለበጥ የብዙ ወር ደመወዝ ይዞ ይሄዳልና። ኪቦርዱ በየሳምንቱ በለስላሳ ብሩሽ ይጠረግ። ኤሌክትሪክ ከፍ ዝቅ በሚልበት ሰፈር ኃይሉን የሚያስተካክል መሣሪያ በመካከል ይግባ። በጠረጴዛ ላይ ብዙ ሰዓት የሚጽፍ ሰው ላፕቶፑን በመጻሕፍት ከፍ አድርጎ ሌላ ርካሽ ኪቦርድ ከውጭ ቢሰካለት አንገቱም እጁም ያርፋል፤ የላፕቶፑም ቍልፎች ዕድሜ ይረዝማል።

በመጨረሻም ለወላጆች የምናሳስበው ይህ ነው፤ አንድ ላፕቶፕ በአንድ ቤት ውስጥ የአባት ጽሕፈት ቤት፤ የእናት የሒሳብ መዝገብና የልጆች ትምህርት ቤት ይሆናል። ስለዚህ ሲገዛ የሚጽፉበት ሁሉ አብረው ይሂዱ፤ እያንዳንዳቸውም ጣታቸውን አሳርፈው ይሞክሩት። ልጆችም በሁለት ጣት ከመልቀም ይልቅ በዐሥር ጣታቸው አማርኛን አጥርተው መጻፍ ከአሁኑ ይልመዱ። ፊደላችን ብዙ ነው፤ ብዛቱም ሀብት እንጂ ሸክም እንዳይሆን፤ መልካም መሣሪያና የለመደ እጅ ያስፈልጉታል።